የአንድ ትልቅ ቤት ሒሳብ፦ ቻትስዎርዝና ባለቤቶቹ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



በኖቬምበር 26 ቀን 1950፣ በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በኢስትቦርን ከተማ፣ አንድ የ55 ዓመት ሰው በግቢያቸው እንጨት ሲፈልጡ ድንገት ወድቀው ሞቱ። ሟቹ የዴቮንሺር 10ኛው መስፍን ኤድዋርድ ካቨንዲሽ ነበሩ። መስፍን እንጨት ሲፈልጥ መገኘቱ ለሰሚው እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የእንግሊዝ መኳንንት መጥረቢያ መያዝን እንደ ነውር አይቆጥሩትም፤ እኚህም መስፍን የሚዝናኑት በዚሁ ሥራ ነበር። የሞታቸው ሐዘን የቤተሰባቸው ነው። የሞቱበት ቀን ግን የሒሳብ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስበው የሚገባ ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። መስፍኑ በ1946 ርስታቸውንና ሀብታቸውን ለወራሻቸው በሚጠቅም መንገድ አስተላልፈው ነበር። በጊዜው በነበረው የውርስ ግብር ሕግ መሠረት፣ እንዲህ ያለ ስጦታ ከግብር ነጻ የሚሆነው ሰጪው ከሰጠበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት በሕይወት ሲቆይ ነው። መስፍኑ የሞቱት አምስቱ ዓመት ሊሞላ 14 ሳምንት ሲቀረው ነው። ከዚህም የተነሣ ስጦታው እንዳልተሰጠ ተቆጠረና በሀብቱ ላይ ከመቶ 80 ግብር ተጣለበት። ሀብቱ ውስጥ ደግሞ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የቻትስዎርዝ ርስት ነበረበት። የዚህ ንግግር ርእስ ይኸው ቤት ነው፤ የሚነገረውም ታሪኩ በገቢና በወጪ፣ በዕዳና በክፍያ በኩል ሲታይ ምን እንደሚመስል ነው። በንግግሩ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቻትስዎርዝ የሚገኘው በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በደርቢሺር አውራጃ፣ በደርወንት ወንዝ ዳር ነው። ቦታውን በ1549 በ600 ፓውንድ የገዙት ሰር ዊልያም ካቨንዲሽና ሚስታቸው ኤልሳቤጥ ሲሆኑ፣ ሴትዮዋ በታሪክ ይበልጥ የሚታወቁት «የሃርድዊኳ ቤስ» በሚል ስም ነው። እዚህ ላይ የማኅበሩን አባላት ፈገግ የሚያሰኝ አንድ ነገር አለ፤ ሰር ዊልያም ሞያቸው የሒሳብ ምርመራ ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1530ዎቹ የእንግሊዝን ገዳማት ዘግቶ ንብረታቸውን ሲወርስ፣ የተወረሰውን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር አንድ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ነበር። ካቨንዲሽ በዚህ መሥሪያ ቤት መርማሪ ሆነው ገዳማቱን እየዞሩ ንብረት ቈጠሩ፤ ከቈጠሩትም መሬት ጥቂት የማይባለው በኋላ በእጃቸው ተገኘ። በ1546 የንጉሡ ግምጃ ቤት ሹም ለመሆን በቁ። በ1557 ግን የእርሳቸው መዝገብ በተራው ሲመረመር ከ5,000 ፓውንድ በላይ ጉድለት ተገኘበት፤ ካቨንዲሽም በዚያው ዓመት ሞቱ። እንግዲህ የቻትስዎርዝ የመጀመሪያው ቤት የተሠራው ሌሎችን ሲመረምር ኖሮ የራሱን ሒሳብ ሳይዘጋ በሞተ የሒሳብ መርማሪ ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል።

ዕዳው የወደቀው በመበለቲቱ ላይ ነበር። ቤስ የተወለዱት ከአነስተኛ ባላባት ቤት ሲሆን፣ የመጀመሪያ ባላቸውን የቀበሩት ገና በልጅነታቸው ነው። ካቨንዲሽ ሁለተኛው ነበሩ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ሁለት ባሎች አገቡ። አራተኛው ባላቸው የሽሩዝበሪ ኧርል በዘመኑ ከታላላቆቹ ባለርስቶች አንዱ ሲሆኑ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ የስኮትላንዷን ንግሥት ሜሪን በግዞት እንዲጠብቁ ያዘዘቻቸው እርሳቸውን ነው። ግዞተኛዋ ንግሥት በተለያዩ ጊዜያት በቻትስዎርዝ ተቀምጣለች። ከነአጀቧ የምትበላው ሁሉ በጠባቂዋ ላይ ሲወድቅ፣ ከመንግሥት የሚሰጠው አበል ወጪውን ሊሸፍን አልቻለም፤ የኧርሉ አቤቱታ ለዓመታት አልተቋረጠም። የባልና ሚስቱም ትዳር በመጨረሻ ፈረሰ።

ቤስ ከቻትስዎርዝ ተነሥተው ወደ ትውልድ ስፍራቸው ወደ ሃርድዊክ ተመለሱና፣ ከ1590 እስከ 1597 ባለው ጊዜ ውስጥ በእንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ የሚደነቀውን የሃርድዊክን አዳራሽ አሠሩ። በማማዎቹም አናት ላይ የስማቸውን መነሻ ፊደላት በድንጋይ አስቀረጹ። የግንባታውን የሒሳብ መዝገብ እያዩ በእጃቸው ይፈርሙ ነበር። ከሁለተኛ ባላቸው የመዝገብ ጉድለት የተማሩት ይህን ሳይሆን አይቀርም። በ1608 ሲሞቱ ከአገሩ ባለጠጎች አንዷ ነበሩ። ቻትስዎርዝም ለልጃቸው ለዊልያም ደረሰ፤ እርሱም በ1618 የዴቮንሺር ኧርል የሚል ማዕረግ አገኘ።

ዛሬ የሚታየው ቤት ግን የቤስ ቤት አይደለም። መነሻው ጠብና መቀጮ ነው። አራተኛው የዴቮንሺር ኧርል በቤተ መንግሥት ውስጥ ከአንድ ኮሎኔል ጋር ተጣልተው ስለመቱት፣ በ1687 የ30,000 ፓውንድ መቀጮ ተፈረደባቸው። ገንዘቡ በዚያ ዘመን አንድ ቤተ መንግሥት የሚያሠራ ነበር። ኧርሉ ከእስር ወጥተው ወደ ቻትስዎርዝ ሄዱ፤ ለመቀጮውም የዕዳ ሰነድ ፈረሙ። ከዚያም ያልተከፈለ ዕዳ በላያቸው እያለ፣ ታልማን የሚባለውን መሐንዲስ ጠርተው የቤቱን ደቡባዊ ገጽ አፍርሰው እንደገና ማሠራት ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት የሆላንዱ ዊልያም መጥቶ ዙፋኑን እንዲይዝ ደብዳቤ ከጻፉት ሰባት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። አዲሱ ንጉሥ ሲነግሥ ሰነዱ ተሰረዘ፤ በ1694ም ኧርሉ መስፍን ተባሉ። አንዱን ገጽ ብቻ ለማደስ የተጀመረው ሥራ አራቱንም ገጽ አዳርሶ ያበቃው በ1707 ሲሆን፣ መስፍኑም የሞቱት በዚያው ዓመት ነው። ለማደስ ተጀምሮ እንደ አዲስ መሥራት የሆነ ግንባታ በየትኛውም አገር የሒሳብ ሹም ዘንድ የታወቀ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት መሳፍንት በየበኩላቸው ጨመሩበት። አራተኛው፣ ለአጭር ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት፣ ግቢውን በዘመኑ ስመ ጥር በሆነው በላንስሎት ብራውን አስለወጡት፤ ዛሬ ጎብኚው የተፈጥሮ ሜዳ ነው ብሎ የሚያደንቀው በእርሱ ሐሳብ የተስተካከለ መሬት ነው። የአምስተኛው ሚስት ጆርጂያና በቁማር የተከማቸ ዕዳ ትተው በ1806 ሞቱ።

ቤቱ በሀብትም በብክነትም ከጫፍ የደረሰው በስድስተኛው መስፍን ዘመን ነው። በ1811 በ21 ዓመታቸው ወረሱ፤ ሳያገቡ ኖረው በ1858 ሞቱ። መጻሕፍት፣ ሐውልትና ማዕድን መሰብሰብ ይወዱ ነበር፤ ለቤቱም አዲስ የሰሜን ክንፍ አሠሩ። ከግዥዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ግን በ1826 የ22 ዓመት ወጣት አትክልተኛ መቅጠራቸው ነው። ጆሴፍ ፓክስተን ቻትስዎርዝ የደረሰው ሜይ 9 ቀን ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተኩል ነበር። በሩ ዝግ ስለነበር በአጥር ዘሎ ገባ፤ ግቢውን ዞሮ አየ፤ ሠራተኞቹ ሲመጡ ሥራ ሰጣቸው፤ ከዚያም ከቤቱ እመቤት ሹም ጋር ቁርስ ሊበላ ገብቶ የሹሟን የእኅት ልጅ ሣራ ቦውንን አየና ወደዳት። ይህ ሁሉ የሆነው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ያወራውም ራሱ ፓክስተን ስለሆነ ጥቂት ማሳመር አይጠፋበትም። ሣራን በሚቀጥለው ዓመት አገባት፤ እርሱ በየአገሩ ሲዞር ግቢውንና መዝገቡን የምትቆጣጠረው እርሷ ነበረች።

ፓክስተን ከ1836 እስከ 1840 ትልቁን የመስተዋት ቤት ሠራ። ርዝመቱ 84 ሜትር፣ ስፋቱ 37 ሜትር፣ ከፍታውም 20 ሜትር ያህል ነበር። የሞቃት አገር ተክሎች በእንግሊዝ ብርድ እንዲኖሩ የእንፋሎት ማሞቂያዎች ከመሬት በታች ይነዱ ነበር፤ የድንጋይ ከሰሉ የሚደርሰው በዋሻ ውስጥ በተዘረጋ ሐዲድ ስለነበር፣ እንግዳው ጭሱንም ሆነ ጫኙን አያይም። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1843 ስትጎበኝ ውስጡን በሠረገላ አልፋበታለች። በ1849 ደግሞ በስሟ የተጠራው የአማዞን ወንዝ ግዙፍ የውሃ አበባ በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የፈካው በቻትስዎርዝ ነው። ፓክስተን ትንሽ ልጁን በአበባው ቅጠል ላይ አቁሞ ቅጠሉ ሲሸከማት አየ፤ ከቅጠሉም ጀርባ ያሉትን ጅማቶች አጥንቶ፣ በ1851 ለዓለም ኤግዚቢሽን ለንደን ላይ ለተሠራው ክሪስታል ፓላስ ሐሳብ እንዳገኘበት ተናግሯል። በእነዚሁ የመስተዋት ቤቶች ያደገ አንድ የሙዝ ዝርያ በቤተሰቡ ስም «ካቨንዲሽ» ተባለ። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ሙዝ አብዛኛው የዚህ ወገን ነው፤ ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ በሚጫነውም ውስጥ ይኸው ዝርያ አለ።

የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ ቻትስዎርዝን ይጎበኛሉ ተብሎ በታሰበ ጊዜ፣ መስፍኑ የሚቀበሏቸው ወደ ሰማይ በሚወረወር ውሃ እንዲሆን ፈለጉ። ፓክስተን ከቤቱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በስድስት ወር ያህል ጊዜ ኩሬ አስቆፈረ፤ ውሃው ያለ ምንም ሞተር፣ በቁልቁለቱ ኃይል ብቻ፣ 90 ሜትር ያህል ከፍ ሊል የሚችል ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሳይመጡ ቀሩ። ለአንድ እንግዳ አቀባበል የወጣ፣ እንግዳውም ያልመጣበት ወጪ በየትኛው ዓምድ እንደሚጻፍ ለባለሞያው መተው ይሻላል። ሆኖም ውሃው ከንቱ አልቀረም። ከ1893 እስከ 1936 ተርባይን እያዞረ ለቤቱ የኤሌክትሪክ መብራት ሰጥቷል፤ በ1988ም አዲስ ተርባይን ተተክሎለት ሥራውን ቀጥሏል።

በዚሁ ዘመን በመዝገብ ያልሰፈረ ወጪም አለ። ኤደንሰር የምትባለው መንደር ከቤቱ መስኮት ስትታይ ለዓይን ስላላማረች፣ በስፍራው የቀሩት ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ከእይታ ውጭ ወደ ተሠሩ አዳዲስ ቤቶች ተዛወረ። አዲሶቹ ቤቶች ያማሩ ናቸው፤ እስከ ዛሬም ይኖርባቸዋል። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው መስኮት የአንድን መንደር ስፍራ መወሰኑ፣ ትልቅ ቤት ለጎረቤቱ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ያሳያል።

ስድስተኛው መስፍን በብዙ ዕዳ ተይዘው ነበር። በ1845 በዮርክሺር የነበረውን የሎንድስቦሮ ርስት፣ በምድር ባቡር ለከበረው ለጆርጅ ሃድሰን ሸጡ። ሰባተኛው ቁጥብና የተማሩ ሰው ሲሆኑ፣ በካምብሪጅ የሚገኘው ካቨንዲሽ ላቦራቶሪ የተቋቋመው በእርሳቸው ገንዘብ ነው። ዕዳውን ለማቃለል ብለው በባሮው ከተማ ብረታ ብረትና መርከብ ሥራ ላይ ብዙ ገንዘብ አዋሉ፤ ኢንዱስትሪው ሲዳከም ግን ያሰቡት ሳይሆን ቀረ። ስምንተኛው በ1908 ሞቱ፤ በወራሻቸው ላይ የወደቀው የውርስ ግብር ከ500,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ያን ጊዜ የመጻሕፍት ቤቱ ተነካ፤ የመጀመሪያው እንግሊዛዊ አታሚ ካክስተን ያተማቸው 25 መጻሕፍትና የጥንት ተውኔቶች ስብስብ ለአሜሪካዊው ባለጸጋ ለሃንቲንግተን ተሸጠው ወደ ካሊፎርኒያ ሄዱ። ለንደን ውስጥ የነበረው የዴቮንሺር ቤትም ተሸጦ በ1924 ፈረሰ። ትልቁ የመስተዋት ቤት ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለማሞቂያው ከሰል በመጥፋቱ ተክሎቹ በብርድ አለቁ፤ በ1920 በፈንጂ እንዲፈርስ ተደረገ። በመጀመሪያው ፍንዳታ አልወደቀም፤ ደጋግሞ ማፈንዳት አስፈልጓል።

ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ 10ኛው መስፍን ብልኅ ውሳኔ ወሰዱ። መንግሥት ትልልቅ ቤቶችን ለወታደር ማደሪያ ይወስድ ስለነበር፣ ከወታደር የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ይሻላሉ ብለው፣ ከዌልስ የፔንሮስ ኮሌጅን ወደ ቻትስዎርዝ አስመጡ። 300 ያህል ልጃገረዶች ከ1939 እስከ 1946 ኖሩበት። ነገሥታት የተቀመጡባቸው አዳራሾች የመኝታ ክፍል ሆኑ፤ የልጆቹ ትንፋሽ በብርዱ ግድግዳ ላይ ጤዛ እየሆነ ከአንዳንድ ሥዕሎች ኋላ ሻጋታ እንዳበቀለ ይነገራል። ይህም ቢሆን ወታደር ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጦርነቱ ለቤተሰቡ ያመጣው ሌላ ነገር ነው። የመስፍኑ የበኩር ልጅ ዊልያም በ1944 ቤልጅግ ውስጥ በጦር ሜዳ ሞተ። ከአራት ወር በፊት ያገባት የኋላው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆን ኬነዲ እኅት ካትሊን ነበረች፤ እርሷም በ1948 በአውሮፕላን አደጋ ሞታ በኤደንሰር ተቀብራለች። ስለዚህ ውርሱ ሳይጠበቅ ለሁለተኛው ልጅ ለአንድሩ ሆነ፤ በ1950 አባቱ ሲሞቱ 11ኛው መስፍን ከነዕዳው ተረከበ።

ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር የተደረገው ድርድር 17 ዓመት ፈጅቶ በ1967 ተቋጨ። ዕዳው እስኪከፈልም ወለድ ነበረው። ክፍያው በገንዘብ ብቻ አልነበረም። በብዙ ሺህ ኤከር የሚቆጠር መሬት ተሸጠ። ከከበሩት ዕቃዎች አንዳንዶቹ በግብሩ ፈንታ ለመንግሥት ተሰጡ፤ በ10ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የቅዱስ ኤተልዎልድ የቡራኬ መጽሐፍ፣ የሠዓሊው ክሎድ የንድፍ መዝገብና የግሪክ የነሐስ ራስ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዱ፤ መጽሐፉ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። የቤስ ሃርድዊክም ለመንግሥት ተሰጠ፤ በ1959 ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ተላለፈ። በዚያ ይኖሩ የነበሩት የ9ኛው መስፍን መበለት ኢቭሊን ሲሆኑ፣ ያረጁትን ግምጃ መጋረጃዎች በገዛ እጃቸው በመርፌ ሲጠግኑ የኖሩ ሴት ነበሩ። ቤቱ ከእጅ እንዳይወጣ ሃርድዊክ ለቻትስዎርዝ ቤዛ ሆነ ማለት ይቻላል።

ይህ ግብር ጨካኝ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፤ 14 ሳምንት የአራት መቶ ዓመት ሀብት መወሰኑም ለጆሮ ይከብዳል። ግን ሒሳብ በአንድ ወገን አይዘጋም። በእነዚያው ዓመታት የእንግሊዝ መንግሥት ከጦርነት ወጥቶ፣ በ1948 ለሕዝቡ ሁሉ ነጻ ሕክምና መስጠት ጀምሮ ነበር፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። የቻትስዎርዝም መነሻ ከገዳማት የተወሰደ መሬት መሆኑ አይዘነጋም። በተወረሰ ንብረት የተጀመረ ቤት ከፊል ንብረቱ ቢወረስ፣ በሕግና በድርድር እስከሆነ ድረስ፣ ፍጹም ግፍ ነው ለማለት ያስቸግራል። የሚያሳዝነው የሌሎቹ ዕጣ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በመቶዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ ቤቶች ግብሩንና የጣራውን ጥገና መቻል አቅቷቸው ፈርሰዋል፤ ስለ ጥፋታቸው በ1974 በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አንድ ኤግዚቢሽን ተደርጓል። እነዚያ ቤቶች ሲፈርሱ መንግሥቱም አልተጠቀመ፤ ባለቤቱም አልዳነ።

አንድሩና ሚስቱ ዴቦራ በ1959 ወደ ቻትስዎርዝ ተመልሰው ገቡ። ቤቱ ከ1949 ጀምሮ ለተመልካች በክፍያ ተከፍቶ ነበር፤ ዴቦራ ደግሞ በ1977 የርስቱን ሥጋና እህል ለመንገደኛ የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። የጣራው ስፋት ብቻ 1.3 ኤከር፣ ማለትም ከ5,000 ካሬ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የመግቢያ ቲኬት ብቻውን አይበቃም ነበር። በ1981 ዋናው ውሳኔ ተወሰነ። ቻትስዎርዝ ሃውስ ትረስት የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመና፣ ቤቱን፣ ከዕቃው ብዙውንና 1,822 ኤከር መሬት ለ99 ዓመት በኪራይ ውል ተረከበ። ድርጅቱ የሚተዳደርበት መነሻ ገንዘብ ከተገኘባቸው መንገዶች አንዱ የፑሳን «ቅዱስ ቤተሰብ» የተባለው ሥዕል መሸጥ ነው፤ በ1984ም የጥንት ሠዓሊያን ንድፎች ተጨምረው ተሸጡ። አንድ ሥዕል ከግድግዳ ወርዶ ግድግዳውን የሚያቆም ገንዘብ ሆነ።

አንድሩ በ2004፣ ዴቦራ በ2014 ሞቱ። በ12ኛው መስፍን ዘመን አሥር ዓመት የፈጀና ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያስወጣ እድሳት ተደርጎ በ2018 ተፈጸመ። የኤሌክትሪክና የቧንቧ መስመሩ ተለወጠ፤ የጠቆረው ድንጋይ ታጠበ፤ የመስኮቶቹ ክፈፎች በወርቅ ቅብ ተለበጡ። ድርጅቱ ሲቋቋም በገባው ውል መሠረት ቤተሰቡ በቤቱ ውስጥ ለሚኖርባቸው ክፍሎች የገበያውን ዋጋ ያህል ኪራይ ይከፍላል፤ ኪራዩም እንደ ቲኬቱ ገንዘብ በድርጅቱ ገቢ ይመዘገባል።